ያውቁ ኖሯል? ስትሮቤሪ ሁሉ ቀይ አይደለም

ሲበስል ነጭ ሆኖ የሚቀር ስትሮቤሪ አለ። ሥጋው ነጭ፣ ላዩ ላይ የተፈናጠሩት ጥቃቅን ዘሮች ግን ቀይ ናቸው። ሽታው አናናስን ስለሚያስታውስ በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች «ፓይንቤሪ» ይሉታል።

ነጭ ስትሮቤሪ የዛሬ ግኝት አይደለም። በቺሊ የማፑቼ ሕዝብ ስፔናውያን ከመድረሳቸው ከረጅም ዘመን በፊት ያለማው ነበር፤ ፑሬን በምትባለው አካባቢ ዛሬም ይበቅላል። ፈረንሳዊው መሐንዲስ አሜዴ ፍራንሷ ፍሬዚዬ እ.ኤ.አ. በ1714 ትልልቅ ፍሬ የሚሰጠውን የቺሊ ስትሮቤሪ 5 እግር ብቻ ይዞ ወደ አገሩ ገባ። ተክሎቹ ሁሉም ሴቴ ስለነበሩ ለብቻቸው ፍሬ አልሰጡም። ከሰሜን አሜሪካ የመጣው ቀይ ስትሮቤሪ አጠገባቸው ሲተከል ግን አፈሩ፤ ዛሬ በየገበያው የሚሸጠው ትልቁ ቀይ ስትሮቤሪ የተገኘውም ከእነዚህ ሁለት ዝርያዎች መዳቀል ነው። የዚህ ፍሬ ጉዞ ከውቅያኖስ ማዶ በ5 ችግኝ መጀመሩ ያስገርማል!

ነጭ ስትሮቤሪን በጓሮዎ ወይም በረንዳ ላይ ባለ ማሰሮ ሊያለሙት ይችላሉ። አንዳንዶቹ ነጭ ዝርያዎች በደንብ እንዲያፈሩ ሌላ ስትሮቤሪ በአቅራቢያቸው ይፈልጋሉ። ሲተክሉ ቅጠሉ የሚወጣበትን እምብርት አፈር አያልብሱት፤ ይበሰብሳል።

መብሰሉን በምን ያውቃሉ? ዘሮቹን ይመልከቱ። አረንጓዴ ከሆኑ ይታገሱ፤ ቀልተው ፍሬው ለስለስ ሲልና ሽታው ሲያውድ ይልቀሙት።