ሰፈሩ ሲፈርስ ስሙን ማን ይይዛል?

ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ «ጉርድ ሾላ ወራጅ አለ!» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ታዲያ ስትወርዱ ሾላዋን አያችኋት? እኛ ፈልገን አጣናት። ያየነው ሰፊ መንገድና ፎቅ ነው። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የከተማ ባቡር ይቆምበታል። ከሾላዋ የተረፈው ስሟ ብቻ ነው።

አዲስ አበባ እንዲህ ናት። የቆየው ይፈርሳል፤ ስሙ በሰው አፍ ይቀራል።

ቦሌን እንይ። ድሮ የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ በልደታ በኩል ነበር። አየር መንገዱ በ1955 ዓ.ም. ጄት አውሮፕላኖች ሲያስመጣ የልደታው ሜዳ አልበቃቸውም። ስለዚህ ማረፊያው ወደ ቦሌ መጣ። የቀድሞው አካባቢ ግን ዛሬም «ኦልድ ኤርፖርት» ይባላል፤ አሮጌው ማረፊያ ማለት ነው። አሁን አየር መንገዱ ቢሾፍቱ አጠገብ ሌላ ትልቅ ማረፊያ ለመሥራት ተነሥቷል። ማን ያውቃል? አንድ ቀን ቦሌም «አሮጌው» ይባል ይሆናል።

ከጉርድ ሾላ አለፍ ሲሉ ሲኤምሲ አለ። ይህ የአንድ የጣልያን ሥራ ተቋራጭ ስም ነው። ግንበኞቹ ሄዱ፤ ስማቸው ቀረ።

የካዛንቺስ ታሪክ ደግሞ ይበልጣል። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በያዘበት ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤቶች ሠራ። ቤቶቹን ያሠራው ድርጅት ስሙ ሲያጥር «ኢንቺስ» ነው። በጣልያንኛ «ካዜ» ማለት ቤቶች ማለት ነው። «ካዜ ኢንቺስ» የሚለውን ሕዝቡ በጆሮው ሰምቶ፣ በአፉ አለስልሶ «ካዛንቺስ» አደረገው።

በኋላ ካዛንቺስ የምግብ ቤትና የአዝማሪ ቤት ሰፈር ሆነ። ማታ ማታ ማሲንቆ ይሰማበት ነበር። እኛም ኪሳችን ሲሳሳ አንድ ሽሮ ለሁለት የምንበላው እዚያ ነበር። ባለቤቷ ሳንጠይቃቸው እንጀራ ይጨምሩልን ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ፈረሰ። ስመ ጥሩው ፈንድቃ አዝማሪ ቤትም አብሮ ፈረሰ። ብዙ ነዋሪዎች ወደ ከተማው ዳር ተዛወሩ። እውነቱን እንነጋገር፤ የብዙው ቤት ጣራ ያፈስ ነበር፤ ሽንት ቤቱም የጋራ ነበር። ይህን ማንም አይናፍቅም። የሚናፈቀው ቡና ሲፈላ የሚጠራራው ጎረቤት ነው፤ ኀዘን ሲመጣ ድንኳን የሚተክለው ዕድርተኛ ነው።

እኛም ሽሮ ቤታችንን ፍለጋ ሄድን። ቤቱ የለም። «ሴትዮዋ የት ገቡ?» ብለን ልንጠይቅ አልን፤ ግን ማን ብለን እንጠይቅ? ለካ ሁልጊዜ «እማማ» ነበር የምንላቸው! ፊደል ቆጥረናል የምንል ሰዎች፣ ያበሉንን እናት ስም እንኳ ጽፈን አልያዝንም። አፈርን።

እናንተ እንደ እኛ አትሁኑ። ብዕር ጨብጣችኋል። እንግዲህ ለዚህ ሳምንት እነዚህን በደብተራችሁ ጻፉ፦

1. ሰፈራችሁ ማን ይባላል? ስሙን ከየት አገኘ? አንድ ሽማግሌ ጠይቁ።
2. ድሮ ነበረ፣ ዛሬ የሌለ አንድ ቤት ወይም ዛፍ ጥቀሱ።
3. የአንድ ጎረቤታችሁን ስም ከነአባታቸው ጻፉ።

ሦስተኛውን አትዝለሉት።