ወርቁን ወደ ባንክ የመለሰው ፈቃድ ነው ወይስ ዋጋ?

ማንቡክ፦ ከዚህች የዳንጉር ወረዳ ከተማ ወደ ምዕራብ ጉባን ካለፉ የሱዳን ድንበር ነው። በመተከል ወንዞች ዳር ወርቅ የሚያጥብ ሰው ሁለት ገበያ ያውቃል፤ የባንኩንና የድንበሩን።

ሕጉ ግልጽ ነው። በማዕድን አዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት ለባህላዊ አምራች ፈቃድ የሚሰጠው ክልሉ ሲሆን፣ ወርቁን ገዝቶ ወደ ውጭ ሲልክ የኖረው ብሔራዊ ባንክ ነው። ይሁን እንጂ ፈቃድ ሒሳብን አያሸንፍም። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. አጋማሽ ድረስ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ፣ በጥቁር ገበያ ከ100 ብር በላይ ነበር። ግራሙ 80 ዶላር ቢያወጣ በባንክ ምንዛሪ 4,560 ብር፣ በጥቁር ገበያው ከ8,000 ብር በላይ ይሆናል። የባንኩ ማበረታቻ ይህን ሁሉ ክፍተት አልሞላም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ክፍተቱ ጠበበ። የዓለም ዋጋ መናርም አገዘ። በ2017 በጀት ዓመት የወርቅ ኤክስፖርት ገቢ ከ3 ቢሊዮን ዶላር አልፎ ቡናን በለጠ።

እንግዲህ የፈቃድ ሥርዓቱን እናሻሽላለን የሚሉ ሁሉ ኬላ ከማብዛት ይልቅ ክፍተቱ ዳግም እንዳይሰፋ ቢጠነቀቁ ይበጃል። አለዚያ ፈቃዱ በኪስ ይቀራል፤ ወርቁ ግን የድንበሩን መንገድ አልረሳም።