ለግል አገልግሎት የሚሆን ትልቅ የናፍጣ ፒካፕ ስለ መምረጥ

ነጋዴ የሆነ ሰው በዘመኑ ከሚገዛው ነገር ሁሉ ልቡን ቶሎ የሚያሸንፈው መኪና ነው። ለመጋዘኑ ቡና ወይም ሰሊጥ ሲገዛ ናሙና አስቀርቦ፥ እርጥበቱን መርምሮ፥ የሦስት ሻጮችን ዋጋ አወዳድሮ የሚዋዋል ብርቱ ሰው፥ ለራሱ መኪና በሚመርጥበት ቀን ግን በቁመቱና በድምፁ ተማርኮ በአንድ ከሰዓት በኋላ ቀብድ ሲከፍል ይታያል። ይህ ድክመት ይልቁንም በትልቁ የናፍጣ ፒካፕ ላይ ይበረታል። ፒካፕ እኩሌታው የቤት መኪና፥ እኩሌታው የጭነት መኪና ስለ ሆነ፥ ገዢው ለምኞቱ ሲገዛ ለሥራው የገዛ ይመስለዋልና።

ነገሩን ለመመርመር እንዲመች አንድ የቡና ነጋዴ ለአብነት ይወሰድ። ይህ ነጋዴ ኑሮው በአዲስ አበባ ነው፤ ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት፤ አጋሮ አጠገብ ከአባቱ የወረሰው ጥቂት የቡና መሬት አለው፤ እናቱም እዚያው ይኖራሉ። የንግዱን ቡና የሚያጓጉዘው በኪራይ ከባድ መኪና ስለ ሆነ ፒካፑን የሚፈልገው ለራሱ ብቻ ነው፤ ይኸውም በከተማ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት ለማድረስና በየሁለት ሳምንቱ በወሊሶ፥ በወልቂጤና በጅማ በኩል ወደ አጋሮ ለመመላለስ ነው። መንገዱ በአንድ ወገን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል።

በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ የማይሠራ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታውቋል። ስለዚህ ለግሉ የናፍጣ መኪና የሚሻ ሰው ዓይኑን መጣል የሚገባው አስቀድሞ በአገር ውስጥ ባሉት ላይ ነው። የነጋዴውም ደላላ ሦስት ያገለገሉ መኪናዎች አቀረበለት። የመጀመሪያው በ2014 እ.ኤ.አ. የተሠራ ራም 2500 ሲሆን፥ የኩሚንስ ባለ ስድስት ሲሊንደር 6.7 ሊትር ሞተር ያለውና አንድ የውጭ ድርጅት ሲጠቀምበት የቆየ ነው። ሁለተኛው ባለ አንድ ጋቢና ቶዮታ ላንድ ክሩዘር 79 ነው፤ ሞተሩም ቱርቦ የሌለው ባለ 4.2 ሊትር አሮጌ ዓይነት ነው። ሦስተኛው ባለ ሁለት ጋቢና ቶዮታ ሂሉክስ፥ ባለ 2.8 ሊትር ቱርቦ ነው። የነጋዴው ልብ ወዲያው በአሜሪካኑ ላይ ዐረፈ።

ሚስቱ ግን መኪናውን ዞራ ካየች በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ «ይህ ሁሉ ጉልበት ምን ሊሸከም ነው?» አለችው። መልስ ስላልነበረው፥ ሲመላለስበት በቆየው የኪራይ መኪና የተጫነው ሁሉ ለሁለት ወር በደብተር እንዲጻፍ ተስማሙ። በአራቱ ጉዞዎች ሲሄድ ጤፍ፥ ስኳር፥ የቤት ክዳን ቆርቆሮ፥ ሲመለስ ደግሞ ማር፥ ሙዝና ለቤት የሚሆን ቡና ተመዘገበ። ከ6 ኩንታል በላይ የተጫነው አንድ ጊዜ ብቻ፥ እርሱም ሲሚንቶ በተወሰደበት ቀን ነበር።

በዚህ ላይ ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱበት አንድ ጉዳይ አለ። የመኪናው ግዝፈትና በካሶኒው ላይ የሚጫነው ክብደት አንድ አይደሉም። የአንድ ፒካፕ የመጫን ዐቅም የሚታወቀው አምራቹ ከፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ላይ የመኪናው የባዶ ክብደት ሲቀነስ ነው። ራም 2500 የተፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት 4,500 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ ነገር ግን በናፍጣ ሞተሩ፥ በወፍራሙ ሻንሲውና በሰፊው ጋቢናው ምክንያት ባዶውን ከ3 ቶን በላይ ይመዝናል። ስለዚህ ለጭነትና ለሰው የሚተርፈው አንድ ቶን ያህል ሲሆን፥ ይህም ከሂሉክሱ እምብዛም አይርቅም። የአሜሪካኑ መኪና ከ800 ኒውተን ሜትር የሚበልጥ ኃይሉ የተዘጋጀው ለመሸከም ሳይሆን ለመጎተት ነው። በአገሩ የፈረስ ጋሪ ቤት፥ ጀልባና ተንቀሳቃሽ መኖሪያ የሚያክል ተጎታች ያስከትሉበታል። ተጎታች የሌለው ሰው ግን የዚያን ሁሉ ብረት ዋጋና ናፍጣ የሚከፍለው ለድምፁ ነው።

ከአንድ ቶን ላይ አምስት ሰዎች በአማካይ 70 ኪሎ ቢመዝኑ 350 ኪሎ ይቀነሳል፤ የቀረው 6 ኩንታል ተኩል ነው። ደብተሩ የመሰከረውም ይህንኑ ያህል ነበር። ለአንድ ቀን ሲሚንቶ ሲባል ዓመቱን ሙሉ ትልቅ መኪና ከመንዳት፥ ለዚያች ቀን አይሱዙ መከራየት እንደሚረክስ ለነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም።

ስለ ሞተሩ ጉዳይ ሰፋ አድርጎ መናገር ይገባል፤ ገዢው የማያየው፥ የሚከፍለው ግን እዚያ ነውና። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስለ ሆነች፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። ናፍጣ ደግሞ ያለ አየር አይነድድም። የላንድ ክሩዘሩ 4.2 ሊትር ሞተር በፋብሪካው መዝገብ 130 የፈረስ ጉልበት ያህል ሲኖረው፥ አየሩን በራሱ እስትንፋስ ብቻ ስለሚስብ በደጋው ላይ ከዚህ ብዙውን ያጣል፤ ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣም ጥቁር ጭስ ይተፋል። የሂሉክሱ ሞተር በመጠን ያነሰ ሆኖ ሳለ በዘመናዊው ሥሪቱ እስከ 204 የፈረስ ጉልበትና እስከ 500 ኒውተን ሜትር ይደርሳል፤ ቱርቦው በጭሱ ኃይል እየተሽከረከረ አየር ስለሚገፋለት የከፍታው ጉድለት አብዛኛው ይካካስለታል።

ይሁን እንጂ የአሮጌውን ሞተር መካኒኮች የሚያመሰግኑት ያለ ምክንያት አይደለም። ናፍጣውን የሚረጨው በሜካኒክ ፖምፓ ሲሆን፥ አንድ ነገር ቢበላሽበት በወረዳ ከተማ ያለ ጋራዥ ፈትቶ ይገጥመዋል፤ መለዋወጫውም ሶማሌ ተራ ሞልቷል። 130 ሊትር የሚይዘው የናፍጣ ጋኑ ማደያዎች ባዶ በሚሆኑበት ሳምንት እንኳ ከአዲስ አበባ አጋሮ አድርሶ ይመልሳል። 80 ሊትር የሚይዘው ሂሉክስ ግን ለደርሶ መልሱ ከጫፍ ላይ ነው። ከዚህም በቀር በአዲሶቹ ሞተሮች ውስጥ ናፍጣው የሚረጨው ከከባቢ አየር ግፊት ወደ 2,000 እጥፍ በሚጠጋ ግፊት ስለ ሆነ፥ ውሃ ወይም አቧራ የገባበት ናፍጣ ፖምፓውንና ኖዝሎቹን በአጭር ጊዜ ይበላቸዋል። በመንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጥ ናፍጣ ለአሮጌው ሞተር የሆድ ቁርጠት ቢሆን፥ ለአዲሱ መርዝ ነው። አዲሱን የሚገዛ ሰው ናፍጣውን ከታመነ ማደያ ሊቀዳ፥ ውሃ የሚለየውን ፊልትሮም በጊዜው ሊያስፈስስና ሊያስለውጥ ለራሱ ቃል መግባት አለበት።

የአሜሪካኑ ሞተር ችግር ከዚህም ይከብዳል። በአሜሪካ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመንገድ መኪና የሚሸጠው ናፍጣ በውስጡ ያለው ድኝ ከሚሊዮን 15 እጅ እንዳይበልጥ ስለ ታዘዘ፥ ከዚያ ወዲህ የተሠሩት መኪናዎች ማርሚታቸው ላይ ጥላሸት የሚይዝ ማጣሪያ ተገጥሞላቸዋል፤ በ2014ቱ ራም ላይ ደግሞ አድብሉ የሚባለው የዩሪያ ፈሳሽ ተጨምሯል። ድኝ የበዛበት ናፍጣ እነዚህን ዕቃዎች ያበላሻል። ናፍጣው ንጹሕ ቢሆን እንኳ ሌላ ነገር አለ። ማጣሪያው ያጠራቀመውን ጥላሸት የሚያቃጥለው ጭሱ እጅግ ሲግል፥ ማለት ወደ 600 ዲግሪ ሲደርስ ነው፤ ይህም የሚሆነው በረጅም መንገድና በጭነት ሲሠራ ነው። ማለዳ ሦስት ኪሎ ሜትር ተጉዞ ልጆችን አድርሶ የሚቆም፥ ቀትር ላይ ሞተሩ ሳይጠፋ ባንክ ደጃፍ የሚጠብቅ ትልቅ የናፍጣ መኪና ማጣሪያው እየተደፈነ፥ ያልነደደው ናፍጣም ወደ ዘይቱ እየወረደ ይታመማል። ከባድ ሥራ የማይገድለውን ሞተር ሥራ ማጣት ይገድለዋል። ማጣሪያውን ቆርጦ መጣል የሚመክሩ አሉ፤ ያን ያደረገ ሰው ግን ጥላሸቱን ለልጆቹና ለጎረቤቶቹ ሳንባ ያስረክባል።

ስለ ግዝፈቱ ብዙ ማለት አያሻም። ርዝመቱ ከ6 ሜትር ስለሚያልፍ፥ በመርካቶ መተላለፊያ ወይም በመኖሪያ ግቢ በር ለማዞር የሚሞክር ሰው ራሱ ያየዋል። ክብደቱ ግን ከወልቂጤ በኋላ ወደ ጊቤ ሸለቆ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ሊታሰብበት ይገባል። ማንኛውም የተጫነ ፒካፕ ያን መንገድ በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ አለበት፤ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሹፌር በሸለቆው ሙቀት የፍሬኑ ሸራ ግሎ መያዝ ሲያቅተው ይደነግጣል።

እስከዚህ ድረስ ነጋዴው ገና ከአሜሪካኑ አልተለየም ነበር፤ የጠየቁት ዋጋ ከሂሉክሱ ያነሰ ነበርና። ርካሽነቱ ከየት እንደ መጣ የታወቀው ሊብሬው በተመረመረ ጊዜ ነው። መኪናው ከቀረጥ ነፃ የገባ ነበር። እንዲህ ያለ መኪና ተመሳሳይ መብት ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጥና ታክሱ መከፈል አለበት፤ ያ ሲጨመር ዋጋው ርካሽ መሆኑ ይቀራል። ደላላው ግን ሌላ ዘዴ ነበረው፤ «ስም ማዛወር ምን ያስቸኩላል ጋሼ፤ ውክልና ይሰጥዎትና ይንዱት» አለ። በዚህ መንገድ መኪና የገዙ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ገንዘቡን የከፈለው አንድ፥ በመዝገብ ባለቤት የሆነው ሌላ ነው፤ ወካዩ ቢሞት ውክልናው ይቀራል፤ ወካዩ ዕዳ ቢኖርበት መኪናው ይያዛል፤ ጉምሩክ ቢደርስበት ይወረሳል። ነጋዴው በንግዱ ያለ ደረሰኝ አንድ ጆንያ የማይቀበል ሰው ስለ ነበር፥ ይህን ሲሰማ ደላላውን አመስግኖ አሰናበተው። ማንኛውም ገዢ ቀብድ ከመስጠቱ በፊት የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር መስማማቱን፥ የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ አለመኖሩን፥ ቀረጡም መከፈሉን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማረጋገጥ አለበት።

የቀሩትን ሁለቱን መካኒክ እንዲያያቸው ተደረገ። መካኒኩ አስቀድሞ ያዘዘው ሞተሮቹ ማለዳ ሳይነሡ እንዲቆዩለት ነው። አስቀድሞ የሞቀ ሞተር የመነሣትን ችግር ይሸሽጋልና፥ አሙቆ የሚጠብቅ ሻጭ ሊጠረጠር ይገባዋል። ከዚያ የዘይቱን ክዳን ከፍቶ የሚወጣውን ትንፋሽ አየ፤ የራዲያተሩ ውሃ ላይ ዘይት አለመንሳፈፉን ተመለከተ፤ ከሥር ገብቶ ባሌስትራው በሚታሰርበት ቦታ ሻንሲው መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን በእጁ ዳሰሰ፤ በመጨረሻም ሁለቱን በየተራ ወደ እንጦጦ ነዳቸው። ሁለቱም ጤነኞች ነበሩ። ይሁንና የላንድ ክሩዘሩ ጋቢና ሹፌሩን ጨምሮ ከሦስት ሰው በላይ አያስቀምጥም፤ ለቤተሰቡም አባት ከሁለት ልጅ ጋር ሄዶ እናት ከአንዱ ጋር የምትቀርበት መኪና ሊሆን ነው።

እንግዲህ ሂሉክሱ ተመረጠ፤ ግን ወዲያው አልተገዛም። ወሩ ጥቅምት ነበር፤ የቡናው ለቀማ ገና መጀመሩ ነው። ከዚያ እስከ ጥር ባለው ጊዜ አንድ ብር በቡና ንግድ ውስጥ ደጋግሞ ይዞራል፤ በመኪና ውስጥ የገባ ብር ግን ቆሞ ይቀራል፤ በየዓመቱም ይቀንሳል። ነጋዴው ገንዘቡን ለቡናው አዋለ። ሂሉክሱን በኅዳር ወር ሌላ ሰው ስለ ወሰደው ጥቂት ተቆጨ፤ በመጋቢት ግን ያው ዓይነት ሌላ፥ ቀረጡ የተከፈለና በስሙ የተዛወረ ገዛ። ላንድ ክሩዘሩን የወሰደው የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ተቋራጭ ሲሆን፥ ስም ባዛወረበት ዕለት ቱቦውን ካሶኒው ላይ አስጭኖ ሁለት ሠራተኞቹን ጋቢና አስገብቶ ወደ ሥራው ቦታ ሄደ።