«ነጻ ሰው» ሲባል እኛንም ይጨምራል?

ለንደን ውስጥ ብሪቲሽ ላይብረሪ የሚባል ትልቅ ቤተ መጻሕፍት አለ። እዚያ በመስታወት ውስጥ ሆነው ለሕዝብ ከሚታዩት የድሮ ጽሑፎች አንዱ ማግና ካርታ ይባላል። ለማየት ገንዘብ አይጠየቅም። በ1215 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዙ ንጉሥ ጆን መኳንንቱ ተነሡበትና ተገዶ ማኅተሙን ያሳረፈበት ብራና ነው። የዚያ ዓመት ቅጂዎች ዛሬ የቀሩት 4 ብቻ ናቸው፤ 2ቱ እዚያ አሉ።

ዋናው ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ነጻ ሰው ያለ ሕግ አይታሰር፣ ንብረቱ አይወሰድ፣ ፍትሕም በገንዘብ አይሸጥ።

እህቶቼ፣ «ነጻ ሰው» የምትለዋን ቃል ግን ልብ በሉ። በዚያ ዘመን ብዙው የእንግሊዝ ገበሬ ከጌታው መሬት ጋር የታሰረ ጭሰኛ ስለነበር ነጻ ሰው አይባልም። መብቱ ተጻፈ፣ እሱን ግን አልጨመረውም።

ይሄ ለእኛም አዲስ አይደለም። በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጪ አደረጋት። ኩዌት ደግሞ በ2015 ለቤት ሠራተኛ ብቻ ሕግ ቁጥር 68ን አወጣች። በሳምንት አንድ ቀን እረፍት አለ፣ ሥራ በቀን ከ12 ሰዓት አይበልጥም፣ አሠሪ ያለ ሠራተኛዋ ፈቃድ ፓስፖርት መያዝ አይችልም። ኳታርም በ2017 በሕግ ቁጥር 15 ሥራው በቀን 10 ሰዓት እንዲሆንና የሳምንት እረፍት እንዲኖር ደነገገች።

«ወረቀቱ ቢኖርስ ማን ያከብረዋል?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ማግና ካርታንም የሮማው ጳጳስ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሽረውት ነበር። ግን በ1216፣ በ1217 እና በ1225 እየተሻሻለ እንደገና ወጣ። ሰዎች ስሙን እየጠሩ መጠየቅ ስላልተዉ አንዳንዱ አንቀጽ እስከ ዛሬ በእንግሊዝ ይሠራል።

ስለዚህ እኛም እንዲህ እናድርግ፦

- ያለንበት አገር ሕግ የቤት ሠራተኛን ይጨምር እንደሆነ እንጠይቅ፤ የሕጉን ቁጥርና ዓመተ ምሕረት እንያዝ።
- የኮንትራታችንን ሁሉንም ገጽና ፓስፖርታችንን ፎቶ አንስተን አገር ቤት ላለ የምናምነው ሰው እንላክ።
- ያልገባንን የዓረብኛ ወረቀት ሳናስነብብ አንፈርም። «ፓስፖርቴን ይያዙልኝ» የሚል ፈቃድ ሊሆን ይችላል።
- አቤቱታ ስናቀርብ «በደሉኝ» ብለን ብቻ አንተው፤ ሕጉን በቁጥሩ እንጥራ።