ያውቁ ኖሯል? ከጋፋት መድፍ እስከ ቴዲ አፍሮ ዜማ

ያውቁ ኖሯል? በቢልቦርድ የዓለም ሙዚቃ አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ የወጣ አንድ የኢትዮጵያ አልበም በገዛ አገሩ ዋና ከተማ እንዳይመረቅ ተከልክሏል። አልበሙ «ኢትዮጵያ» ይባላል፤ ባለቤቱ ቴዎድሮስ ካሣሁን ወይም ቴዲ አፍሮ ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ወጣ። በዚያው ዓመት ነሐሴ 28 ቀን አዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ሊመረቅ ሁሉ ነገር ተሰናድቶ ሳለ ፖሊስ ደርሶ «ፈቃድ አላወጣችሁም» በማለት አስቆመው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከተነሣ ገና አንድ ወር ገደማ ነበር። በ2008 ክረምት በጎንደር፣ በባሕር ዳርና በደብረ ታቦር ሕዝብ ለተቃውሞ አደባባይ መውጣቱ ከማንም ልብ አልጠፋም፤ የመንግሥትም ፍርሃት እንዲሁ።

ከዚሁ አልበም ጋር በተያያዘ የመንግሥት ቴሌቪዥን ድምፃዊውን ቃለ መጠይቅ አድርጎ ቀርጾ ነበር፤ ግን አልተላለፈም።

በአልበሙ ውስጥ ካሉት ዘፈኖች አንዱ «አፄ ቴዎድሮስ» ነው። ለደብረ ታቦር ሰው ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ጫኑ እንጂ፣ መቀመጫ ካደረጓቸው ከተሞች ዋናዋ ደብረ ታቦር ነበረች። ከተማዋን የቆረቆሩት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው ራስ ዓሊም ከእሷው ሆነው ገዝተዋል። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ ጋፋት ላይ፣ ለወንጌል ስብከት የመጡ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች በንጉሡ ትእዛዝ ብረት ማቅለጫ ምድጃ ገንብተው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አፈሰሱ። ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል። በ1860 መስከረም ማብቂያ ላይ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፉን በሰው ጉልበት እየጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። መንገድ አልነበረም፤ መንገዱን እየሠሩ ነው የሄዱት። ከጉዞው ጋር የነበሩ የውጭ ሰዎች እንደጻፉት፣ ንጉሡ ራሳቸው ከወታደሩ ጋር ድንጋይ ሲፈነቅሉ ይውሉ ነበር። መቅደላ ሲደርሱ ስድስት ወር ሊሞላቸው ምንም አልቀረው።

ሴባስቶፖል ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ አለ። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው።

ያውቁ ኖሯል? አፄ ቴዎድሮስ የዘፈንን ኃይል ገና ሳይነግሡ፣ ካሣ ሲባሉ፣ ያውቁት ነበር። በ1845 ጉር አምባ ላይ ከደጃዝማች ጎሹ ጋር ከመዋጋታቸው በፊት፣ የጎሹ አዝማሪ ካሣንና ወታደሮቹን አሳንሶ በጦሩ ፊት ዘፈነ ይባላል። ጎሹ ሞቱ፤ አዝማሪው ተማረከ። «እስቲ ያልከውን ድገመው» ሲባል የገዛ አፉን የሚረግም ስንኝ በዚያው ቅጽበት ገጥሞ ምሕረት ለመነ። ስንኙ እስከ ዛሬ ሲነገር ይኖራል፤ ሰውዬውን ግን አላዳነውም። በበትር ተደብድቦ ሞተ። አፄ ቴዎድሮስን እንደምንወዳቸው ሁሉ ይህንንም ልንነግር ይገባል። በግጥሙ የተገደለ ሰው ታሪክ ከጀግናው ታሪክ ተነጥሎ መውደቅ የለበትም።

አዝማሪ ቤት ገብተው ያውቃሉ? ማሲንቆው አንድ ክር ብቻ ነው ያለው፤ እሱም የፈረስ ጭራ ነው። ገላው አራት ማዕዘን ሆኖ ከእንጨት ይሠራና ቁርበት ይለበሳል። እንግዳው ብርሌውን ያስቀምጥና «ተቀበል!» ብሎ አንድ ስንኝ ይወረውራል። አዝማሪው ያችኑ ቃል በዜማ አሳምሮ ለቤቱ ሁሉ ያሰማል። ማዶ የተቀመጠው ሌላ እንግዳ ደግሞ መልሱን ይሰጣል፤ እሱንም ይቀበለዋል። ስንኙ ሹሙን የሚነካ ከሆነስ ማን ይጠየቃል? አዝማሪው «የሰው ቃል ነው የተቀበልሁ» ይላል፤ ሰጪው «ጨዋታ ነው» ይላል፤ አድማጩ ሰሙን በልቶ ወርቁን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በሕዝብና በባለሥልጣን መካከል ከዚህ የተሻለ የመተንፈሻ ቀዳዳ ያዘጋጀ አገር አላውቅም።

ሰምና ወርቁን ለመለየት ግን የሠለጠነ ጆሮ ያስፈልጋል፤ ደቡብ ጎንደር ጆሮ የሚሠለጥንበት አገር ነው። ከቤተ ክርስቲያን የዜማ ትምህርቶች፣ የድጓው ማስመስከሪያ ቤተልሔም ጋይንት ውስጥ ነው። የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አባም እዚያው ነው። ደብረ ታቦር ደግሞ በአቋቋም ትታወቃለች። ከጎንደር ከተማ አጠገብ ቡርቧክስ የምትባል የአዝማሪዎች መንደር አለች፤ ማሲንቆ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድባት። ቤተ ክህነቱና አዝማሪው በየፊናቸው ቢኖሩም ያሳደጉት ሕዝብ አንድ ነው፤ የተሸሸገ ቃል ሲያልፍ የማያመልጠው ሕዝብ።

የጣሊያን ፋሺስቶችም የዚህን የተሸሸገ ቃል ኃይል ፈጥነው ተረድተውታል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ከተገደሉት ውስጥ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ባሕታውያን ይገኙበታል። ግራዚያኒ ራሱ እንዲህ ያሉትን ሰዎች እንዲረሸኑ ማዘዙን ለሮም አስታውቋል። ባለ አንድ ክር ማሲንቆ የያዘ ሰው ጠመንጃ ከያዘው እኩል ያስፈራ ነበር ማለት ነው።

ዘፋኝ በሹም እጅ የወደቀው በጣሊያን ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ጥላሁን ገሠሠም ታስሮ ያውቃል። የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ድምፃዊ ነበርና የታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ እሱም ወኅኒ ወረደ።

ወደ ቴዲ እንመለስ። ሐምሌ 7 ቀን 1968 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለደ። አባቱ ካሣሁን ገርማሞ በመድረክ ሰውነቱ የታወቀ ነበር፤ እናቱ ጥላዬ አራጌም ከመድረክ ሰዎች ወገን ናት። የመጀመሪያ አልበሙ «አቡጊዳ» ነው። የአገር መነጋገሪያ ያደረገው ግን በ1997 ዓ.ም. የወጣው «ያስተሰርያል» ነው። የርእሱ ዘፈን ንጉሡ ወርደው ደርግ ሲመጣ፣ ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ሲገባ ያው በደል በአዲስ ሰው እጅ መቀጠሉን ይናገራል፤ መፍትሔውም ይቅርታ ነው ይላል። በቀልን አይሰብክም። ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። የወጣበት ጊዜ የግንቦት 7ቱ ምርጫ ሰሞን ነበርና ከታክሲ፣ ከሙዚቃ ቤትና ከሻይ ቤት በየአቅጣጫው ይሰማ ጀመር። ከምርጫው በኋላ በሰኔና በጥቅምት በተፈጠረው ግርግር 193 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን አጣሪ ኮሚሽኑ ቆጥሯል። ዘፈኑ ከመንግሥት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠፋ። ከሰው አፍ ግን አልጠፋም።

ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ቴዲ ታሰረ። ክሱ በ1999 መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የጎዳና ተዳዳሪ ወጣት በመኪና ገጭቶ ገድሎ አምልጧል የሚል ነበር። እሱ አልፈጸምሁም ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ብሎ 6 ዓመት እስራትና 18,000 ብር መቀጫ ወሰነበት፤ ይግባኝ ሰሚው ቅጣቱን ወደ 2 ዓመት አወረደው፤ ነሐሴ 2001 ተፈታ። ደጋፊዎቹ ያሰረው «ያስተሰርያል» ነው ብለው አመኑ፤ ዛሬም የሚያምኑ ብዙ ናቸው። ያም ሆነ ይህ፣ በዚያ ክርክር መካከል የሞተው ልጅ ሲነሣ ብዙም አልተሰማም። እሱም የእናት ልጅ ነበር።

ስለዚሁ ጉዳይ የጻፈ አንድ መጽሔት ምን እንደደረሰበት ያውቁ ኖሯል? «ዕንቁ» ይባላል። የቴዲን የፍርድ ቤት ጉዳይ የሽፋን ታሪክ አድርጎ ሲያሳትም 10,000 ቅጂው ተያዘ፤ አዘጋጁም ለቀናት ታሰረ።

በ2004 ፋሲካ ሰሞን «ጥቁር ሰው» ወጣ። የርእሱ ዘፈን አፄ ምኒልክንና ዐድዋን ያነሣል። ለብዙ ወጣት የ1888 ዓ.ም. ጦርነት ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ወጥቶ ደም ሥር የገባው በዚህ ዘፈን ነው። በሌላ ወገን ደግሞ አፄ ምኒልክን በደቡብና በኦሮሞ አገር ዘመቻቸው የሚያስታውሱ ሰዎች ቅር ተሰኙ። ታኅሣሥ 2006 ላይ ቅሬታው ገንፍሎ ወጣ። ቴዲ ተናገረው የተባለ፣ እሱ ግን አላልሁም ያለው አንድ ጥቅስ በማኅበራዊ ሚዲያ ተዛመተ፤ «በደሌ ቢራን አትጠጡ» የሚል ዘመቻም ተነሣ፤ የቢራው ኩባንያም «ወደ ፍቅር ጉዞ» ለተባለው የቴዲ የኮንሰርት ዙር ሊሰጥ የነበረውን ድጋፍ ሰረዘ። ዘፋኝን ዝም የሚያሰኘው መንግሥት ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ታየ። አንዱ ወገን የሚኮራበትን ሌላው ሲያዝንበት መደማመጥ እንጂ ማይክራፎን መንጠቅ ለማንም አልበጀም።

የአምቦው ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳም በ17 ዓመቱ ታስሮ አምስት ዓመት ወኅኒ ቤት ነበር። የመጀመሪያ አልበሙን ግጥምና ዜማ ያዘጋጀው እዚያው እስር ቤት ሆኖ ነው። በ2008ና በ2010 መካከል የኦሮሞ ወጣት ሲሰለፍ የእሱን ዜማ ይዞ ነበር የሚወጣው። ሰኔ 22 ቀን 2012 አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ተገደለ። ገና 34 ዓመቱ ነበር። ቴዲንና ሃጫሉን የሚያዳምጠው ሰው ይለያይ ይሆናል፤ ሁለቱም ግን ሹምን ያስፈራ ድምፅ ነበራቸው።

ውጭ አገርስ? በለንደን ግሬንፌል በተባለው ፎቅ ላይ ሰኔ 2009 በደረሰው ቃጠሎ 72 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነሱ መካከል ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ቤተሰብ የሆኑ ይገኙበታል። ሎውኪ የተባለው የእንግሊዝ ራፐር በዚያው ዓመት ስለ ሟቾቹ ዘፈን አወጣ። ስቶርምዚ የተባለው ደግሞ የካቲት 2010 በብሪት ሽልማት መድረክ ላይ፣ ሚሊዮኖች በቴሌቪዥን እያዩት፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይን በስማቸው ጠርቶ ለተጎጂዎች የተባለው ገንዘብ የት ደረሰ ብሎ ጠየቀ። የጠቅላይ ሚኒስትሯ ቢሮ በማግስቱ መልስ ለመስጠት ተገደደ። ከጥያቄው በኋላ የመጣው መልስ እንጂ ፖሊስ አልነበረም። እኛም አገር ልማዱ እንዲህ እንዲሆን እመኛለሁ።

    

ለዓመታት አገር ውስጥ መድረክ ያጣው ቴዲ ጥር 2010 ባሕር ዳር ስታዲየም ዘፈነ። ከደብረ ታቦር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመንግሥት ለውጡ በኋላም ዝም አላለም። በ2012 «ደሞ በአባይ» ብሎ ስለ ሕዳሴ ግድቡ አዜመ። ሰኔ 2014 በወለጋ በርካታ አማሮች ከተጨፈጨፉ በኋላ ደግሞ «ናዕት» ወጣ። እንደገና ገዥዎችን የሚወቅስ፣ ለተገደሉና ለተፈናቀሉ የሚጮኽ ዘፈን ነበር። ከለውጡ በኋላ የመጣው መንግሥት ሲያጠፋም መናገር መቻሉ ከሁሉም በላይ የማከብርለት ነገር ነው።

ውድ አንባቢ፣ የቴዲ ዘፈን አይጠፋም፤ በሚሊዮን ስልክ ውስጥ አለ። የሚጠፋው የአካባቢያችን አዝማሪ ግጥም ነው። ከዋንዛዬ ፍል ውሃ እስከ ጋይንት ደጋ፣ በእስቴም በፋርጣም፣ በጣሊያን ጊዜ፣ በንጉሡ ዘመን፣ በደርግ ዘመን ስለ ሹም የተባለውን ስንኝ የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች ዛሬም አሉ። ስልክዎን አውጥተው ይቅዷቸው። ግጥሙን ያለው ማን እንደነበረ፣ የት ሰርግ ወይም ለቅሶ ላይ እንደተባለ፣ በማን ዘመን እንደሆነ ጠይቀው ይመዝግቡ። አንዱን ቅጂ ለራስዎ ያስቀሩ፤ ሌላውን ለደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ይስጡ።