ፕለጊኑ እንደገና አልጫን ሲል፦ ከመደናገጣችን በፊት በየተራ እንፈትሽ



በቅርቡ ከዐስር ሰላት በኋላ አንዲት የአራተኛ ዓመት እህታችን ላፕቶፗን ይዛ መጣች። የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስረክብ አራት ቀን ቀርቷታል። ክሮም ላይ ያለው የዞቴሮ ማገናኛ ሲያስቸግራት «አጥፍቼ እንደገና ልጫነው» ብላ አወጣችው። በማግሥቱ ግን አልመለስ አላት። «የሰበሰብኩት ማጣቀሻ ሁሉ ጠፋ» ብላ ተጨንቃለች።

አልጠፋም ነበር። ተመሳሳይ ችግር ብዙዎቻችንን ስለሚገጥመን፣ ያደረግነውን በቅደም ተከተል እነሆ።

1. መረጃው የት እንዳለ እንወቅ። የዞቴሮ ማገናኛ ተላላኪ ብቻ ነው፤ ማጣቀሻዎቹ የሚቀመጡት ኮምፒውተሩ ላይ በተጫነው በራሱ በዞቴሮ ፕሮግራም ውስጥ ነው። ማገናኛው ቢጠፋ ማጣቀሻው አይነካም። ሌሎች ማስታወሻ መያዣ ፕለጊኖች ግን መረጃውን እዚያው ብራውዘሩ ውስጥ ስለሚያስቀምጡ ሲጠፉ ይዘውት ይሄዳሉ። ስለዚህ «አስወግድ» ከማለታችን በፊት ቅጂ እናውጣ።

2. ቀኑን እንይ። የእህታችን ችግር እዚህ ነበር። ማታ መብራት ጠፍቶ፣ ባትሪውም የደከመ ስለሆነ የላፕቶፑ ቀን ተዛብቷል። ጠዋት በእጇ ስታስተካክል ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር 2017 ብላ ሞላችው። ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። እያንዳንዱ ደህንነቱ የተጠበቀ ድረ ገጽ መጀመሪያና መጨረሻ ቀን ያለው የምስክር ወረቀት ያሳያል። ኮምፒውተሩ ስምንት ዓመት ወደኋላ ሲቀር የምስክር ወረቀቱ ገና ያልጀመረ ይመስለዋልና በሩን ይዘጋል። እሷ «ኔትወርክ ነው» ብላ ነበር። 2025 ብለን ስናስተካክለው በደቂቃዎች ውስጥ ተጫነ፣ አልሐምዱሊላህ። ቀኑ በየጊዜው የሚዛባ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሿን ክብ ባትሪ ማስቀየር ነው።

3. የብራውዘሩን ዕድሜ እንይ። ዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ክሮም 109 ነው። አዲስ ክሮም የሚጠይቅ ፕለጊን እዚያ ላይ አይጫንም። ለፋየርፎክስ ደግሞ መጋቢት 5 ቀን 2017 (እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2025) አንድ የቆየ የምስክር ወረቀት ጊዜው አልፏል። ከ128 በታች የሆኑ እትሞች፣ ከ115.13 ጀምሮ ያሉት የረጅም ጊዜ ድጋፍ እትሞች ሲቀሩ፣ ፕለጊኖቻቸው ሊሰናከሉ ይችላሉ። መፍትሔው ብራውዘሩን ማደስ ነው።

4. ኮምፒውተሩ የማን ነው? የላብና የቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተሮች ላይ የክሮምን ሜኑ ስንከፍት ግርጌው ላይ በድርጅት እንደሚተዳደር የሚገልጽ መስመር ካለ፣ ፕለጊን መጫን በአስተዳዳሪው ተከልክሎ ሊሆን ይችላል። ይህ ብልሽት አይደለም። የጋራ ንብረት ስለሆነ ክልከላውን ለመስበር ከመታገል የአይሲቲ ባለሙያውን መጠየቅ ይሻላል።

5. በአዲስ ፕሮፋይል እንሞክር። በክሮም ሌላ ፕሮፋይል ከፍተን እዚያ ከተጫነ፣ ችግሩ የቀድሞው ፕሮፋይል ነው ማለት ነው። ዕልባቶቻችንን ካስቀመጥን በኋላ ወደ አዲሱ መዛወር ይቻላል።

6. ምናልባት ፕለጊኑ ራሱ አብቅቶለታል። ጋፋት ላይ ኢንጂነሪንግ የምንማር ሰዎች አሮጌ ሲሙሌሽን ስንከፍት «ፍላሽ ፕሌየር ጫን» የሚል እናገኛለን። አዶቤ የፍላሽን ድጋፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ነው፤ ከጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ጀምሮም ፕሮግራሙ ራሱ ይዘቱን እንዳያሳይ ተደርጓል። መቶ ጊዜ ብንጭነው አይሠራም። የደቡብ አፍሪካ የገቢዎች መሥሪያ ቤት እንኳ ቅጾቹ በፍላሽ የተሠሩ ስለነበሩ በዚያው ወር ለእነሱ ብቻ የሚሆን የራሱን ብራውዘር ለማውጣት ተገዷል። እኛ ግን አማራጭ አለን፤ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲው ፌት ብዙዎቹን ሲሙሌሽኖች ያለ ፕለጊን እንዲሠሩ አድርጎ ቀይሯቸዋል። ለሌሎች የፍላሽ ፋይሎች ሩፍል የተባለው ነፃ ፕሮግራም አለ። ክሮምም ከ2024 ጀምሮ በአሮጌው አሠራር የተሠሩ ፕለጊኖችን ደረጃ በደረጃ አስወጥቷል። ዩብሎክ ኦሪጅን ከክሮም የጠፋባችሁ ለዚህ ነው፤ ፋየርፎክስ ላይ አሁንም ይሠራል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ሲቸግረን ከቴሌግራም የተገኘ የፕለጊን ፋይል አንጫን። ፕለጊን የምንከፍተውን ገጽ ማንበብ፣ የምንጽፈውን የይለፍ ቃል ማየት ሊችል ይችላል። ከራሱ ከብራውዘሩ መደብር ወይም ከአዘጋጁ ገጽ ብቻ እንውሰድ።

ሁሉም እምቢ ቢል እንኳ የማስረከቢያ ቀን አይለፋችሁ። ዞቴሮ ያለ ማገናኛም ይሠራል፤ በአስማት ዘንግ ምስሉ የመጽሐፉን አይኤስቢኤን ወይም የጽሑፉን ዲኦአይ ቁጥር ብታስገቡ ማጣቀሻውን ራሱ ያመጣል። ከዎርድ ላይ የጠፋው የዞቴሮ መስመር ከሆነ ደግሞ እሱ ሌላ ፕለጊን ነው፤ ከዞቴሮ ማስተካከያ ውስጥ የማጣቀሻ ክፍሉን ከፍቶ እንደገና መጫን ይቻላል።

እህታችን ጽሑፏን በጊዜው አስረክባለች። የሚያስቸግራችሁ ካለ ከዐስር ሰላት በኋላ ኑ፤ አብረን እናየዋለን ኢንሻአሏህ። ስትመጡ ግን መጀመሪያ ቀኑን አይታችሁ ኑ!