አክሊል በሻንጣ፣ ሥዕል በፌስታል

ድሮ በደጋው አገር ዕቃ ሲሰረቅ ሁለት መፍትሔ ነበር። አንዱ አውጫጭኝ ነው፤ የሞጣም የብቸናም ሰው ወጉን ከአያቶቹ ሰምቶታል። አገሩ ዛፍ ሥር ይሰበሰብና ያየውና የሰማው እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ እርሻው አይመለስም። ሁለተኛው ሌባ ሻይ ይባላል። ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ መድኃኒት የተበጠበጠበት መጠጥ ይጋታል፣ ያጨሳል፤ ራሱን ሲስት ጌታው ወገቡ ላይ ባሰረው ጨርቅ ይዞ ይለቀዋል። ልጁ እየዳኸ፣ እያሸተተ፣ በየደጁ እየተደናቀፈ ይዞራል። በመጨረሻ ገብቶ የተኛበት አልጋ ባለቤት ሌባ ነው፤ ዕዳውን ይከፍላል። ለተመልካች ሳቅ ነው፤ ለባለ አልጋው ግን አይደለም።

ከዚህ በኋላ የምናወራው መርማሪ መድኃኒት አይጠጣም። ግን እሱም ቢሆን ዕቃው ያለበት ቤት የደረሰው በአነፍናፊነቱ ብቻ አይደለም።

ነገሩ የሚጀምረው በኔዘርላንድስ፣ ሮተርዳም ከተማ፣ በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። ሲራክ አስፋው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከአገር የተሰደደ ኢትዮጵያዊ ነው። ቤቱ የእንግዳ ቤት ነበር፤ ወዳጅ፣ የወዳጅ ወዳጅ፣ ማረፊያ ያጣ ስደተኛ ሁሉ ጎራ ይልበታል። አንዱ እንግዳ ይዞት በመጣው ሻንጣ ውስጥ ሲራክ አክሊል አየ። በመዳብ ላይ ወርቅ የተለበጠ፣ ዙሪያውን የክርስቶስና የሐዋርያት ምስል የተቀረጸበት የቤተ ክርስቲያን አክሊል። ተሰርቆ እንጂ በሌላ መንገድ ሮተርዳም እንደማይደርስ ለማወቅ መርማሪ መሆን አያስፈልግም። ከእንግዳው ጋር ተጣሉ፤ አክሊሉ ወደ አገሩ ካልሆነ በቀር ከዚህ ቤት አይወጣም አለ።

ቀላሉ ሥራ ይኼ ነበር። ሀብት ፍለጋ ሲባል ሰው ካርታ ይዞ፣ አካፋ ተሸክሞ ነው የሚታየን። ሲራክ ዘንድ ግን ሀብቱ ቁጭ ብሎ የሚፈለገው ባለቤቱ ነው። ለኔዘርላንድስ ፖሊስ ቢሰጥ እዚያው ይቀር ይሆን? ለአዲስ አበባ ቢመልስ በመጣበት መንገድ ተመልሶ ይጠፋ ይሆን? በዚህ ሐሳብ 21 ዓመት አለፈ። አክሊሉም ቤቱ ተሸሽጎ ኖረ።

በ2018 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ ሲራክ ጊዜው ደረሰ ብሎ አርተር ብራንድን አነጋገረ። ብራንድ የጠፋ የጥበብ ሥራ የሚያድን ኔዘርላንዳዊ የግል መርማሪ ነው። ሂትለር ጽሕፈት ቤት ደጅ ቆመው የነበሩትን የነሐስ ፈረሶች በ2015 እ.ኤ.አ. ያስገኘ ነው። ከመርከብ የተሰረቀ የፒካሶ ሥዕል እጁ ሲገባም ለአንድ ሌሊት ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ካየ በኋላ ነው ያስረከበው። እኔ ብሆን ሁለት ሌሊት አሳድረው ነበር።

ብራንድ መጀመሪያ አክሊሉን ጥበቃ ያለው ስፍራ አስቀመጠ፤ ወሬው ከወጣ ለአክሊሉም ለሲራክም ያሰጋል። ቀጥሎ የማን ነው የሚለው መጣ። የኦክስፎርዱ የኢትዮጵያ ጥበብ ተመራማሪ ጃኮፖ ኚሺ እውነተኛ የ18ኛው መቶ ዘመን ሥራ መሆኑን መሰከረ፤ እንዲህ ያለ አክሊል በዓለም ላይ ከ20 አይበልጥም። ባለቤቱን ያስገኘው ግን አንድ ፎቶግራፍ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ዣክ መርሲየ አንድ ቄስ ይህንኑ አክሊል ደፍተው አንስቷቸው ነበር። ስፍራው መቀሌ አጠገብ ያለችው የጨለቆት ሥላሴ ናት፤ አክሊሉንም የሰጧት ራስ ወልደ ሥላሴ እንደሆኑ ይታመናል። ከዚያ ፎቶ በኋላ ጨለቆት ላይ ያየው የለም።

መርጡለ ማርያም፣ ዲማ ጊዮርጊስ ወይም ደብረ ወርቅ ንግሥ የዋለ ሰው ይህን ፎቶ አቅልሎ አያየውም። የከበረ ንዋየ ቅድሳት በበዓል ቀን ከዕቃ ቤት ይወጣል፣ በእልልታና በጥላ መሀል በጨረፍታ ይታያል፣ ተመልሶ ይቆለፍበታል። ምእመኑ ቀርቦ አያየውም፤ የሚያውቀው ባለ ቁልፉ ነው። ምስጢርነቱ ከሌባ ይጠብቀዋል ይባላል። በእኔ ግምት ግን ለሌባውም ይመቸዋል፤ ያልተመዘገበና ፎቶ ያልተነሣ ዕቃ ሮተርዳም ላይ ቢገኝ የእኛ ነው ብለው በምን ይከራከሩለታል? ጨለቆት አንድ ፎቶ ነበራት።

ደግሞ መርማሪ ሳይፈልገው የተገኘ የእኛ ዕቃ ይህ ብቻ አይደለም። ከመቅደላ የተወሰደ ታቦት በ2001 እ.ኤ.አ. የተገኘው ኤድንበርግ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ያገኙት እዚያው የሚያገለግሉት ቄስ ናቸው፤ ታቦቱ በዓመቱ አገሩ ገባ።

የሲራክ ምስጢር በጥቅምት 2019 እ.ኤ.አ. ለዓለም ተነገረ። አክሊሉን የኔዘርላንድስ መንግሥት አጅቦ አመጣውና የካቲት 12 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ለጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ተሰጠ። የሰማዕታት ቀን ነበር።

ብራንድም ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ሥራው ግን ከዚያ ወዲህ በር መክፈት ሆኗል ማለት ይቻላል። በ2022 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳይ ፌካም ገዳም የተሰረቀውን የክርስቶስ ደም ነው የሚባለውን ቅርስ ያልታወቀ ሰው በሣጥን አድርጎ ደጃፉ ላይ ጥሎለት ሄደ። በዓመቱ ደግሞ በሩ ተንኳኳ። ሲከፍት አንድ ሰው ሰማያዊ የኢኬያ ፌስታል ይዞ ቆሟል። ውስጡ በትራስ ልብስ የተጠቀለለ የቫን ጎግ ሥዕል አለ፤ ከሙዚየም ከተሰረቀ ሦስት ዓመት አልፎታል።